የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ክርስቲያናዊ ማኅበር ዓላማውና ራእዩ ምንድር ነው?

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል በተደረገው ጉባኤ የተነገረ ንግግር



ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ አምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ፥ ባሪያው አርነት ይወጣ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የደስታ በዓል ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ዓመት ነው፤ ማን ምን እንደ ተቀበለ፥ ምንስ መመለስ እንደሚገባው የሚታሰብበት ጊዜ ነው። ይህ ደብር አምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር፥ ከልጆቹ መካከል በትምህርት ርቀው የሄዱትን፥ ይኸውም በአጠገቡ ባለው ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩትን ጠርቶ በጉባኤው ማስቀመጡ ከዚህ የተነሣ የተገባ ነው። እነርሱም በደብሩ ጥላ ሥር ማኅበር ለማቆም አስበዋል። አሳቡ በጎ ነው፤ ዳሩ ግን ማኅበር ከመቆሙ በፊት ዓላማው ተለይቶ መታወቅ አለበት። ዓላማው ሳይታወቅ የቆመ ማኅበር ጽዋው ሲያልቅ አብሮ ያልቃልና።

አስቀድሞ ይህ ተማሪ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ግቢ የሚገባው ወጣት ከአባቱ ቤት ገና የወጣ ነው። ከብዙ ጓደኞቹ ጋራ በአንድ መኝታ ቤት ያድራል፥ በአንድ አዳራሽ ይበላል፤ የሠርክ ጉባኤ በደረሰ ጊዜም እጁን ይዞ የሚወስደው ወንድም አያጣም። የድኅረ ምረቃው ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ የቤት አባት ወይም የቤት እናት ነው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ይማራል፥ ወይም ከሩቅ አገር መጥቶ በኪራይ ክፍል ብቻውን ያድራል። የሚመራመርበት ነገር ጠባብና ጥልቅ ስለ ሆነ፥ ጭንቀቱን ቢናገር የሚያስተውልለት ሰው ከአማካሪ መምህሩ በቀር ጥቂት ነው። ሕፃን በጀርባዋ አዝላ እስከ እኩለ ሌሊት ጽሑፏን የምታርም እናትም ከእነዚህ አንዷ ናት።

እንደዚህ ያለው ሰው ሃይማኖቱን የሚያጣው በክሕደት አይደለም። የሚክድ ጥቂት ነው፤ የሚዘነጋ ግን ብዙ ነው። አስቀድሞ የጧት ጸሎቱ ያጥራል፤ ቀጥሎ የእሑድ ቅዳሴ ለፈተና ሳምንት ብቻ ተብሎ ይቀራል፤ ከዚያም የንስሐ አባቱ ሲጠይቁት፥ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ እንደሚመጣ ይነግራቸዋል። ጽሑፉ ያልቃል፥ ሌላም ሥራ ይተካል። ቤተ ክርስቲያንን የጠላበት አንድ ቀን ሳይኖር፥ በአምስት ዓመት ውስጥ ለእርስዋ እንግዳ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህም የሚብስ ሌላ ጕዳት አለ። ብዙ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሲቆም በልጅነቱ በሰማው ትምህርት ብቻ ይቆማል፤ ወደ ቤተ ሙከራው ወይም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲገባ ግን በበሰለ አእምሮ ይመራመራል። በሙያው የሠላሳ ዓመት ሊቅ፥ በሃይማኖቱ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው። እነዚህም ሁለት ሰዎች በአንድ አካል ውስጥ እያሉ አይነጋገሩም። ሳይነጋገሩ በኖሩም ጊዜ ሊቁ ልጁን ይንቀዋል፤ ልጁም ሊቁን ይፈራዋል። እንግዲህ የማኅበሩ ዋና ዓላማ በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ለሁለት የተከፈለውን ሰው በእግዚአብሔር ፊት አንድ ማድረግ። የቀረው ዓላማ ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት አቴና የጥበበኞች ከተማ ነበረች። በዚያችም ከተማ ከቀጰዶቅያ የመጡ ሁለት ክርስቲያኖች፥ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙና ባስልዮስ፥ የንግግርን ጥበብና ፍልስፍናን ለመማር ተገናኙ። ባስልዮስ አስቀድሞ በቂሳርያና በቍስጥንጥንያ ተምሮ የመጣ ስለ ነበረ፥ በዛሬ አነጋገር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ጎርጎርዮስ ባዘጋጀለት የመታሰቢያ ንግግር የዚያን ጊዜ ኑሯቸውን ጽፎ ትቶአል።

በአቴና ተማሪዎች በየመምህራቸው ተከፋፍለው ይቀናኑ ነበር። አዲስ የመጣውንም ተማሪ እየዘበቱበት በገበያ መካከል በሰልፍ ወደ መታጠቢያ ቤት መውሰድ ልማዳቸው ነበር። ጎርጎርዮስ ቀድሞ የመጣ ስለ ነበረ ጓደኞቹን ለምኖ ባስልዮስን ከዚህ መሳለቂያ አዳነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአርመን የመጡ ተማሪዎች በባስልዮስ ዕውቀት ቀንተው በክርክር ሊረቱት ተነሡ። ጎርጎርዮስም የአቴና ስም እንዳይዋረድ ብሎ መጀመሪያ እነርሱን አገዘ፤ ነገሩ ከቅናት የመጣ መሆኑን በተረዳ ጊዜ ግን ወገኖቹን ትቶ ከእውነት ጋራ ቆመ። የሁለቱ ወዳጅነት የጸናው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቤታቸው አንድ፥ ማዕዳቸውም አንድ ሆነ። ከተማዪቱ ወደ ቴአትርና ወደ ግብዣ የሚወስድ ብዙ ጎዳና ሳላት፥ እነርሱ የሚያውቁት ሁለቱን ብቻ እንደ ነበረ ጎርጎርዮስ ይመሰክራል፤ አንደኛው ወደ ቤተ ክርስቲያንና በእርስዋ ወዳሉ መምህራን፥ ሁለተኛውም ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚወስድ ነበር።

በዚህ ነገር ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። እነዚህ ሁለት ወዳጆች የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ መርጠው የትምህርቱን አልተዉም፤ የትምህርቱንም መርጠው የቤተ ክርስቲያኑን አልረሱም። ሁለተኛውም ቁም ነገር፥ መንገዶቹን ብቻቸውን አልሄዱባቸውም፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይጠብቀው ነበር። ሌሎችም ተማሪዎች ወደ እነርሱ ተሰብስበው ማኅበር የመሰለ ነገር ሆኑ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ355 ዓ.ም. ኋላ ከሓዲ የተባለው ዑልያኖስ ደግሞ በዚያችው በአቴና ይማር ነበር። በ361 ዓ.ም. ነገሠ፤ በ362 ዓ.ም. ደግሞ ክርስቲያኖች የጥንቱን የግሪክ መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ። ባስልዮስ ግን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ370 ዓ.ም. የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ከመሆኑ አስቀድሞ ጽኑ ረኃብ በመጣ ጊዜ ባለጠጎችን እየገሠጸ ጎተራቸውን አስከፈተ፤ በኋላም ከከተማው ውጭ ለበሽተኞች፥ ለለምጻሞችና ለእንግዶች ማረፊያ ሠራ። ይህ ሁሉ ከአንድ ከተማ ጥበብ ወጣ። ጥበብ ብቻዋን ሰውን ወዴት እንደምትወስድ የማይታወቅ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ትምህርትንና ማኅበርን ማጋባት የኖረ ሥርዐት ነው። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ፥ በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ሲማር ብቻውን አይማርም። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ የታመመውን ጓደኞቹ ያስታምሙታል፤ ትምህርቱም ከጸሎቱ፥ ጸሎቱም ከትምህርቱ አይለይም። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ ቅኔ፥ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚያልፈው ሰው ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ሊቅ በሆነም ጊዜ ያው የቅዳሴ ሰው፥ ያው የጾም ሰው ነው። የተከፈለ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን ሁለቱ ቤቶች ተራራቁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተሰጥቶት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኮሌጁ ከተከፈተ በኋላ ባሉት ዓመታት ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ሃይማኖተ አበው የሚባል ማኅበር አቆሙ፤ ስሙንም የአባቶች ትምህርት ከተሰበሰበበት መጽሐፍ ወሰዱ። በደርግ ዘመን የማርክስና የሌኒን ትምህርት በየትምህርት ቤቱ በነገሠ ጊዜ፥ አቡነ ጎርጎርዮስ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ በተወሰዱ ጊዜም በዚያ በረሓ ለጸሎት ተሰባሰቡ። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተቋቋመ፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ የሚባለው የተማሪዎች ጉባኤ ከዚህ ሁሉ ድካም የተገኘ ፍሬ ነው።

ለድኅረ ምረቃው ተማሪ ግን ይህ ብቻውን አይበቃውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ያቋቋመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሲኖሩ፥ ብዙዎቹ እስከ ሁለተኛና እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ። ግቢ ጉባኤው የተሠራው ለወጣቱ ተማሪ ሰዓትና ለወጣቱ ጥያቄ ነው። የሠላሳ አምስት ዓመቱ ሰው በዚያ ጉባኤ ቢቀመጥ ወይ እንደ መምህር ይታያል፥ ወይ እንደ እንግዳ፤ እንደ ወንድም ግን አይጠየቅም። ስለዚህ የታሰበው ማኅበር ለግቢ ጉባኤው ተፎካካሪ ሊሆን አይገባውም፤ ታላቅ ወንድሙ ይሁን እንጂ።

እንግዲህ ዓላማዎቹን አንድ በአንድ መመልከት ይገባል።

አንደኛው ዓላማ አብሮ መጸለይና ቃለ እግዚአብሔርን አብሮ መማር ነው። ይህ ከሁሉ ቀላል ስለሚመስል ከሁሉ ቀድሞ ይረሳል። የተማሩ ሰዎች ሲሰበሰቡ ጸሎቱን አሳጥረው ክርክሩን ያስረዝማሉ። ማኅበሩ ግን መጀመሪያ ማኅበረ ጸሎት ካልሆነ፥ ከአንድ የሙያ ክበብ የሚለየው ስሙ ብቻ ይሆናል። የጽዋ ማኅበር ሥርዐት ለዚህ ታላቅ ምሳሌ ነው፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ድኻውም ሀብታሙም በተራው ጌታ ሆኖ ያስተናግዳል፤ የቀረውም ሰው ለምን እንደ ቀረ ሙሴው ይጠይቃል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህ ለምን ቀረህ የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ዓላማ ሃይማኖትን ከሙያ ጋራ ማነጋገር ነው። ሐኪሙ በሞትና በሕይወት መካከል ባለ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲቆም፥ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ድኾችን በቍጥር ብቻ ሲያስባቸው፥ የታሪክ ተማሪው በልጅነቱ የሰማው ነገር በጥንቱ ብራና ላይ በሌላ መልክ ተጽፎ ሲያገኘው፥ የምድርንና የፍጥረትን ዕድሜ የሚመረምረው ሰው ከባድ ጥያቄ ሲገጥመው፥ ወዴት ይሂድ? ጥያቄውን ወደ ደብሩ ቢያመጣው ተጠራጠረ እንዳይባል ይፈራል፤ ወደ ክፍሉም ቢያመጣው ኋላ ቀር እንዳይባል ያፍራል። ማኅበሩ ያለ ፍርሀትና ያለ እፍረት የሚነገርበት ቤት መሆን አለበት። ለዚህም የመጽሐፍ ቤት ሊቃውንት መንገዱን አሳይተዋል። የትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል ሲያብራራ አንድም እያለ ልዩ ልዩ ፍቺ ጎን ለጎን ያኖራል፤ አንዱ ከሌላው ጋራ ወዲያው ባይገጥምም አይቸኵልም፥ አይደነግጥምም። ይህ ትዕግሥት ለምርምር ሰው እጅግ የሚጠቅም ነው። የታፈነ ጥያቄ እያደር ክሕደት ይሆናል፤ በወንድሞች መካከል የተነገረ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የጸሎት መጀመሪያ ይሆናል።

ሦስተኛው ዓላማ በሥራ እውነተኛ መሆን ነው። የሃይማኖት ሰው መሆን የሚታወቀው በነጠላ አለባበስ ብቻ አይደለም፤ በመመረቂያው ጽሑፍም ይታወቃል። የሌላውን ሰው ጽሑፍ ገልብጦ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ስርቆት ነው። ያልጠየቁትን ሰው እንደ ጠየቁ፥ ያልለኩትን እንደ ለኩ አድርጎ ቍጥር መፍጠር ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። በገንዘብ ጽሑፍ አስጽፎ ማዕርግ መቀበል ደግሞ ሁለቱንም በአንድነት ነው። ዛሬ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ሙሉ ምዕራፍ የሚጽፉ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ስለ መጡ፥ ፈተናው ከቀድሞው ይልቅ ቀርቦአል። በቅኔ ቤት ተማሪው ሌሊት የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያርመዋል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ ነው ብሎ የሚያመጣ ግን ይናቃል። ቅኔው ቢሰብርም የራሱ ይሁን ነው ሥርዐቱ። የዩኒቨርሲቲውም ተማሪ ከዚህ ያነሰ ሕግ ሊኖረው አይገባም።

ይህ ነገር የአንድ ሰው ኀጢአት ሆኖ አይቀርም። ዛሬ በድኅረ ምረቃ የሚማረው ሰው ነገ መምህር፥ ሐኪም፥ ዳኛ፥ መሐንዲስ ነው። በሐሰት ቍጥር የተመረቀ መሐንዲስ ድልድይ ይሠራል፤ ያልተማረውን እንደ ተማረ ያስመሰለ መምህር በየዓመቱ በመቶ የሚቈጠሩ ልጆችን ያስተምራል። ስለዚህ ማኅበሩ አባሎቹን ስለ ጾምና ስለ ጸሎት እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ ስለ ጽሑፋቸውም መጠየቅ አለበት። አንዱ የሌላውን ምዕራፍ ያንብብለት፤ ስሕተቱንም በፍቅር ይንገረው። ጊዜ ያጠረውና ሊሰርቅ የተፈተነ ወንድም፥ ከመውደቁ በፊት የሚናገርለት ሰው ያግኝ።

አራተኛው ዓላማ ወገንን ተሻግሮ መዋደድ ነው። የአቴና ተማሪዎች በየወገናቸው እንደ ተከፋፈሉ ሁሉ፥ የኢትዮጵያም ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መከራ ተፈትነዋል። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ግቢዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ሊማሩ የሄዱ ልጆች በሬሳ ሣጥን ወደ እናቶቻቸው ተመልሰዋል። ይህ በደረሰበት አገር፥ ክርስቲያን የሆነ የምርምር ሰው ያገሬ ልጅ ሲል ማንን ማለቱ እንደ ሆነ ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። ጎርጎርዮስ ወገኖቹ በቅናት መነሣታቸውን ባወቀ ጊዜ የከተማውን ክብር ትቶ ወደ ተገፋው ሰው ተሻገረ። ማኅበሩም እንዲህ ያለ ሰው የሚያፈራ ይሁን። ከትግራይ፥ ከወለጋ፥ ከጎንደር፥ ከጋሞ የመጡ ሰዎች በአንድ ማዕድ ካልቈረሱበት፥ ማኅበሩ ስለ ፍቅር ያወራ እንጂ ፍቅርን አልኖረም። ይህም ፍቅር ለማኅበሩ አባሎች ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ ሌላ ሃይማኖት ያለው የክፍል ጓደኛ በታመመ ቀን፥ ከሌላ አገር የመጣ ተማሪም በተቸገረ ጊዜ፥ የዚህ ማኅበር ሰው አስቀድሞ ይገኝ።

አምስተኛው ዓላማ ዕዳን መመለስ ነው፤ የኢዮቤልዩም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ደጃፉ ላይ አይተው የማያውቁ ገበሬዎችና ሸማኔዎች በከፈሉት ግብር ተምሮአል። ፊደሉንም ብዙዎቹ በደብር ጥላ ሥር ከየኔታ የተማሩት ናቸው። ይህን ዕዳ እንዴት መመለስ እንደሚቻል ያሳዩ ሰዎች አሉ።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በካይሮ ትምህርተ ሃይማኖትን ተምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በሴማውያን ቋንቋዎች የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ቤታቸውን ከበው በጥይት ስላቈሰሏቸው፥ ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ኖሩ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ባለው የኮሌጅቪል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው፥ ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በፊልም የተነሡትን በሺሕ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት እየመረመሩ ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለዩም። ምሬት የሚገባው ሰው ቢኖር እርሳቸው ነበሩ፤ ነገር ግን በባዕድ አገር፥ በቈሰለ አካል፥ ለአባቶቻቸው መጽሐፍ ዘብ ቆሙ። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ሰው ሕይወት ሲገናኙ እንዲህ ይመስላል።

በሌላም ሙያ ምሳሌ አይታጣም። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት፥ ዙሪያው እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር የጥንቱ አገር በቀል ዛፎች የቀሩት በአብዛኛው በየአድባራቱ ቅጽር ውስጥ መሆኑን አስረድተዋል። ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይበላም ካህናቱና ሕዝቡ ደኑን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ አብረው ሠሩ። ካህኑ ደኑን የጠበቀው ስለ ቅድስናው ነው፤ ሊቁም ያጠናው ስለ ዕውቀት ነው፤ በካቡ ሥራ ላይ ግን ሁለቱ በአንድነት ድንጋይ ተሸከሙ። የውሃ መሐንዲሱ የጠበሉን ምንጭ ንጽሕና ቢመረምር፥ የሕግ ተማሪው የደብሩን የመሬት ወረቀት ቢያስተካክል፥ የሥነ ልቡና ተማሪዋ በሐዘን ላይ ያሉትን እናቶች ብትጎበኝ፥ ዕዳው በእንዲህ ያለ ሥራ ይከፈላል።

ዓላማው ይህ ከሆነ፥ ማኅበሩ ሊሆን የማይገባውን ደግሞ መናገር ያስፈልጋል። ማኅበሩ የማዕርግ ማኅበር አይሁን፤ ዶክተር የተባለው በፊት ወንበር፥ ያልተመረቀው በኋላ የሚቀመጥበት ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ይሞታል። የፖለቲካ ማኅበርም አይሁን። ካህናቱን ለማረም የተነሡ የተማሩ ሰዎች ሸንጎም አይሁን፤ የተማረ ሰው ፈተናው ያልተማረውን መናቅ ነውና፥ ቅዳሴውን በቃሉ የሚያውቀው ሽማግሌ ዲያቆን በማኅበሩ ፊት መምህር ሆኖ ይቁጠር።

ደብሩም በበኩሉ ሊያደርግ የሚገባው አለ። የማታ ተማሪ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከትምህርት ሲወጣ በሩ ተዘግቶ ካገኘው፥ ተጠርቶአል ሊባል አይቻልም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ምሽት መብራት የሚበራበት ክፍል፥ መጻሕፍት የሚቀመጡበት መደርደሪያ፥ የመጻሕፍትን ትርጓሜ የሚያውቁና የዘመኑን ጥያቄ ለመስማት የሚታገሡ አንድ ካህን ያስፈልጋሉ። እናቶች ሕፃናትን ለአንድ ሰዓት ቢይዙ፥ እናት የሆነች ተማሪ ከጉባኤው አትቀርም። ከሩቅ መጥቶ ብቻውን የሚያድረውን ተማሪ ከምእመናን አንዱ ቤተ ሰብ በዓለ ትንሣኤን በቤቱ ቢያስፈስከው፥ ያ ሰው ይህን ደብር በሕይወቱ ሙሉ አይረሳውም። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አሳቢ ልብ ግን ይጠይቃል።

ማኅበሩም ሲጀምር በትንሹ ይጀምር። በጽዋ ልማድ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ማኅበር ይበቃዋል፤ ከዚያ ሲበዛ ሌላ ጽዋ ይወለድ። በሳምንት አንድ ቀን ጸሎትና ትምህርት፥ በወር አንድ ቀን ደግሞ አንዱ አባል የሚመራመርበትን ነገር ለማንም ሰው በሚገባ አማርኛ የሚያስረዳበት ጉባኤ ይኑር። ዕውቀቱን ለየኔታና ለእናቱ ማስረዳት የማይችል ሊቅ፥ ራሱም ገና አልተረዳውም።

እንግዲህ ራእዩ ምንድር ነው ቢባል፥ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አዳራሽ አይደለም። ራእዩ ሰው ነው። ከዚህ ማኅበር የወጣ መምህር ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ቢመደብ በዚያ ሁለተኛ ጽዋ ያነሣል። ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ ለትምህርት ቢሄድ፥ በዚያ ያለችውን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ ያገለግላል፥ አገሩንም አይረሳም። ሐኪም ቢሆን ድኻው በእጁ አይጕላላም፤ ዳኛ ቢሆን ፍርዱ አይሸጥም፤ የታሪክ ሊቅ ቢሆን ለወገኑ ብሎ ሐሰት አይጽፍም። ሰዎችም እርሱን አይተው፥ ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚቆመውና በሥራው ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው ይላሉ። ይህ ከተባለ ማኅበሩ ሥራውን ሠርቶአል፤ ሌላ ምስክርነትም አያሻውም።

ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ቤተ መንግሥት የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት ተምረዋል። ትምህርቱን አልናቁም፥ በፈተናውም ከሁሉ በልጠው ተገኙ፤ ነገር ግን ከንጉሡ ማዕድ እንዳይረክሱ አብረው ተማከሩ፥ አብረው ጾሙ፥ አብረውም ጸለዩ። አራት ብቻ ነበሩ፤ ለአንድ መንግሥት ግን በቁ።

የአባቶች አምላክ እግዚአብሔር የዚህን ደብር አምሳ ዓመት የባረከ፥ የሚመጣውንም ዘመን ይባርክ። ለሚማሩት ማስተዋልን፥ ለሚያስተምሩት ትዕግሥትን፥ ለሚቋቋመውም ማኅበር ፍቅርንና ጽናትን ይስጥ። አሜን።